ሰርተፍኬት የሌለው ክረምት

ሚጡዬ፣ ፈተናውን ጨርሰሽ ከመጣሽ ወዲህ ያንቺን ክረምት ያልመደበ ሰው የለም። አባዬ ኮምፒውተር ተማሪ ይላል። አክስታችን እንግሊዝኛሽን አጠንክሪ ትላለች። እማዬ ደግሞ አንድ ቃል ሳትናገር የበርበሬውን ለቀማ፣ የሽሮውን ዝግጅት፣ የእንግዳውን ቡና ሁሉ አንቺ ላይ አስልታ ጨርሳለች። ሁሉም ለደግ ነው የሚሉት። የሁሉም ዕቅድ ላይ ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ ሹሩባሽን እስክጨርስ ድረስ ማምለጫ ስለሌለሽ እሱን ልንገርሽ። አትነቃነቂ።

የጎደለው ማንም የማይጠይቅሽ፣ ማንም የማያርመው፣ ሲያልቅም ወረቀት የማይሰጥበት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሠራሽው ሁሉ ታርሟል። የቤት ሥራሽ ታርሟል፣ ድርሰትሽ ታርሟል፣ ሥዕልሽ እንኳ ከ10 ስንት ተብሎ ታርሟል። አሁን የ12ኛ ክፍል ውጤት እስኪወጣ ድረስ ያለው ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው የሌለበት ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ያንቺ ግን ውጤቱ በተሰማ ቀን ያበቃል። ስለዚህ ያን ጊዜ ሌላ ፈተና አትሙይበት።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንያዝ። የአዲስ አበባን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ልብስ ያሳጥብሽና ከሰዓት በኋላ ያስገባሻል። ጠዋቱን ለእማዬ ስጫት። ሳትጠራሽ ተነሺ፣ ልብሱን እጠቢ፣ ወጡንም ሥሪ። ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለው ግን ያንቺ ይሁን፤ ዝናቡ ስላለ እንግዳም አይመጣ፣ ሱቅም አትላኪ። ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት ሲዘጋ ወንድማችን ያርፋል፤ ለአንቺና ለእኔ ግን ትምህርት ሲዘጋ ሥራ ይከፈታል። እማዬም ታውቀዋለች፤ እሷም ያደገችው እንደዚያው ነው። በጭቅጭቅ አታሸንፊያትም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተገኚ፤ ጥቂት ከቆየ የማን ወንበር እንደሆነ ሁሉም ይለምደዋል።

ደግሞ ቡና ማፍላቱን እዚህ ውስጥ እንዳትቆጥሪብኝ። ታዘሽ የምታፈዪው ቡና ደስ ቢልሽም ሥራ ነው።

እኔ የምመክርሽ ዳንቴል ነው። አትሳቂ። አንቺ ሳትወለጂ በፊት በዚህ ሰፈር ዳንቴል ያልለበሰ ቴሌቪዥን፣ ዳንቴል ያልተነጠፈበት ቡፌ አልነበረም። ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የቤት ስልኩ ሳይቀር ለብሶ ነበር። እኛ ደረስንና የድሮ ነገር ነው ብለን አስወልቀነው ሳጥን ገባ። እማዬ ሳጥን ውስጥ ግን ኪሮሹም፣ የተረፈው ክርም አለ፤ ጠይቂያት። ኪሮሽ ጫፏ የተቆለመመ ቀጭን ብረት ናት፤ ሌላ የሚያስፈልግሽ ክር ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ መስኮት አለ፤ ፓኬጅ ቢያልቅ እሷ ምን ቸገራት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሩን ቋጥረሽ አንዲት ቀለበት ታወጫለሽ፤ በቀለበቷ ውስጥ ክሩን ስበሽ ሌላ ቀለበት፤ እንዲያ እያለ ሰንሰለት ይሆናል። ሰንሰለቱን ጫፍና ጫፍ አጋጥመሽ ክብ ካደረግሽው በኋላ ዙሪያውን እየሠራሽ ታሰፊዋለሽ። ሙያው ያለው ጭማሪው ላይ ነው። በየዙሩ ተመጣጣኝ ቁጥር መጨመር አለብሽ፤ ካነሰ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ከበዛ ጠርዙ ይጨማደዳል። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ዝርግ ብሎ ከተኛልሽ ልኩን አግኝተሻል። ለጀማሪ ወፈር ያለና ነጣ ያለ የጥጥ ክር ይሻላል፤ በዚህ ጨለማ ክረምት በጥቁር ክር ብትጀምሪ የቱ ቀለበት የቱ ቀዳዳ እንደሆነ አይለይልሽም።

እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ስትሳሳቺ ክሩን ትስቢዋለሽ። ይተረተርና ሁሉም ተመልሶ ክር ይሆናል። የተጣለ ነገር የለ፣ የባከነ ነገር የለ፣ ያየሽም የለ፤ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ያስረከብሽውን የመልስ ወረቀት እንዲህ ልታደርጊው አትችይም። አንቺ ደግሞ ከፈተናው ወዲህ ጥያቄዎቹን በልብሽ መልሰሽ እየሠራሽ እንደሆነ ፊትሽ ላይ አያለሁ፤ ስለዚህ እጅሽ የሚተረተር ነገር ይዞ ቢውል ደስ ይለኛል።

ዩቲዩብ ላይ ማስተማሪያ ሞልቷል። ቢሆንም ከግቢያችን እናቶች ተማሪ። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ያሉትን ጎረቤታችንን ታውቂያቸው የለ? እትዬ ብለሽ አንዲት ናሙና ይዘሽ ግቢ። አስተምሩኝ ብሎ የመጣ ልጅ ካዩ ቆይተዋል። የሚያስተምሩሽ በቁጥር አይደለም፤ "እዪ፣ እንዲህ፣ ከዚያ እንዲህ" ነው የሚሉሽ። መጀመሪያ ምንም አይገባሽም፤ ቆይቶ ለአንቺ ሳይገባሽ ለእጅሽ ይገባዋል። በመካከሉ የትኛዋ ሙሽራ የአልጋ ልብስ በማን እጅ እንደተሠራ፣ የትኛዋ ጎረቤት ናሙናዋን ደብቃ ሳታሳይ እንደቀረች ትሰሚያለሽ። ይሄ ወሬ ዩቲዩብ ላይ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ይመጣና "ይሄንኮ ብትሸጪው! ገጽ ክፈቺለት!" ይልሻል። መምጣቱ አይቀርም። ሁሉ ነገር ካልተሸጠ የማይጥመው ሰው በዝቷል። መሸጥ ነውር ነው አላልኩም፤ ብር ባስፈለገሽ ጊዜ ትሸጫለሽ። ግን ገዢ የገባበት ሥራ አዛዥ ገባበት ማለት ነው፤ ቀለሙን እሱ ይመርጣል፣ የሚደርስበትን ቀን እሱ ይቆርጣል፣ አንቺም ተመልሰሽ የቤት ሥራ ላይ ነሽ። ፎቶውንም አትለጥፊው፤ ቢያንስ ዘንድሮ። ላይክም ማርክ ነው። ሰባት ሰው ብቻ ከወደደልሽ ከሰባት በላይ የነበረው ደስታሽ ሰባት ላይ ይቆማል።

ስልክሽን ጣዪው አልልሽም፤ ጓደኞችሽ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው፣ ከፈተናው በኋላ እንደተበታተናችሁም አውቃለሁ። ለሁለት ሰዓት ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ ኪሮሹ በወጣበት ቦታ ይተካ።

እሺ፣ ክርና መርፌ ነክ ነገር ጨርሶ አልስማማሽም እንበል። እንግዲያው ዝናቡን ለኪው። ሒሳብ ስለምትወጂ እንዲያውም ይሄኛው ሳያጓጓሽ አይቀርም። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ፈልጊ፤ ወገቡ ገባ ወጣ ያለው አይሆንም። አናቱን ቁረጪውና አፉ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጠሽ መልሰሽ ክተቺበት፤ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። ንፋስ እንዳይጥለው ሥሩ ላይ ጠጠር ጨምሪ። ጠጠሩ እስኪሸፈንና የጠርሙሱ ግድግዳ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙይበት፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብለሽ አስምሪ። ከዜሮው ጀምሮ ማስመሪያሽን በፕላስተር ለጥፊበት። ከጣራና ከዛፍ ራቅ አድርገሽ ሜዳ ላይ አስቀምጪው። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቢ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ከዜሮ በላይ ያለውን ድፊው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የቤታችንን ቆርቆሮ 40 ካሬ ሜትር ነው ብለሽ ያዢ። አንድ ከሰዓት 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል 400 ሊትር ውሃ ጣራችን ላይ ወረደ፤ ሁለት በርሜል ሙሉ። አዲስ አበባ ደግሞ በሐምሌም በነሐሴም በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አስቢው፤ በወር 8,000 ሊትር፣ 40 በርሜል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ጣራ ላይ! ይህን አንብበሽላት እማዬ በሳምንቱ አሸንዳ ሠሪ ካልጠራች እኔ እናቴን አላውቃትም።

ጥቅም አለው ብዬ ግን ላግባባሽ አልፈልግም፤ ደስታው ጥቅሙ ላይ አይደለም። ማታ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያመሸው ዶፍ ጠዋት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ድምፁ ሳይሰማ ሌሊቱን ሙሉ ያካፋው ደግሞ 15። ሰፈሩ ሁሉ "ዘንድሮስ ዝናቡም ቀረ" ሲል አንቺ ደብተርሽን ገልጠሽ ታያለሽ። ቁጥሩን ይዞ ዝም ማለት እንዴት እንደሚጥም ሞክረሽ እዪው።

የጓሮ ነገር ብዙም አላውቅ። አንድ ብቻ፦ የተሰነጠቀው ሳፋ ከሚጣል የጥብስ ቅጠል ትከይበት። ቀንበጥ ቆርጠሽ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ተዪው፤ የክረምቱ እርጥበት ሥር ያስይዝልሻል። ሳፋውን ግን ከሥሩ ብሺው፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል።

ስለ መጽሐፍ "አንብቢ" የሚልሽ ሞልቷል። እኔ የምልሽ የሰለቸሽን መጽሐፍ መሃል ላይ ዝጊው ነው። ማንም ጭብጡ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅሽም። የልጅነትሽን ተረት መልሰሽ ብታነቢም መብትሽ ነው። ረጅም ነገር ካማረሽ ፍቅር እስከ መቃብርን ከዳር እስከ ዳር ሞክሪው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ስንቱ አንብቦታል፤ ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ያወቀው በጆሮው ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። ትረካው ዛሬም ይገኛል። ኪሮሽሽን ይዘሽ ክፈቺው፤ ስልኩን ለዚህ ብቻ ከሳጥን ማውጣት ይፈቀዳል። እማዬም የምትለቅመውን ምስር ይዛ ቀስ ብላ ስትጠጋ ታያታለሽ፤ ምንም እንዳትያት፣ ዝም ብለሽ ድምፁን ከፍ አድርጊላት።

የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ አይቀመስም። አሮጌ መጽሐፍ የሚያዞሩትን ልጆች ግን ተከራከሪያቸው፤ ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው። ከላይ የተደረደረውን የስኬት ምስጢር ምናምን እለፊው፤ ከሥር ተቀብሮ ሽፋኑ የተላጠው ላይ ነው ዓይንሽን መጣል። ከቤት መውጣት ካሰኘሽ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው። የምትገቢው ለጥናት እንዳይሆን ብቻ።

ትረካም ወሬም ሲበዛብሽ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሚ። አዲስ አበባ የተወለዱ፣ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ያረፉ መነኩሲት ናቸው። ኢትዮፒክስ በሚባለው የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 21ኛው አልበም በሙሉ የእሳቸው ነው። ብቻውን የሚጫወት ፒያኖ ነው፣ ዘፋኝ የለውም። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እየጣለ የሚሰማ ሙዚቃ ምረጪ ብትይኝ ከዚህ ሌላ አልመርጥም።

መብራት የጠፋ ማታ ለገበጣ ነው። ገበጣ ከየት ይመጣል እንዳትይኝ፤ 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ አድርገሽ ቁረጪው። በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ፣ በድምሩ 48። አንዱን ጉድጓድ አንስተሽ በሚቀጥሉት ላይ አንድ አንድ እየጣልሽ ትዞሪያለሽ። መቼ እንደሚበላ ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ ሦስት ረድፍ ያለውም አለ። የእማዬን ሕግ ተቀበይ። አባዬ "በእኛ አገር እንዲህ አይደለም" ማለቱ አይቀርም፤ ጨዋታው የሚደምቀው እዚያ ላይ ነው። ወንድማችን ቼዝ እወዳለሁ ይል የለ? የድሮውን የአገራችንን ሰንጠረዥ ንገሪው። ሲጀመር ተራ የለውም፤ ወረራ ይሉታል፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ እያከታተሉ ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ጊዜ ብትሞክሩት ሰሌዳው ላይ የአራት እጅ ግፊያ ነው የሚሆነው። ጎንበስ በይ እስኪ፣ ማጅራትሽ ጋ አንድ ጉንጉን ቀርቶኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ውጪ። ሩቅ አይደለም፣ እስከ መታጠፊያው። እሸት በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ከሰሏን እያራገበች ነው። ስትመርጪ ጥፍርሽን ጫን አድርጊበት፤ ወተት ፊጭ የሚለው ለቅቅል ነው፣ ለጥብስ ትንሽ የጠና ይሻላል። እዚያው ቆመሽ ብዪው፤ ቤት ካመጣሽው ይከፋፈላል። በለስ የሚሸጠው ልጅም ጋሪውን ይዞ ይመጣል፤ እሾሁን ለእሱ ተዪለት፣ ልጦ በቢላዋ ጫፍ ሲሰጥሽ ተቀበይ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ጾመሽ ስትመጪ ያ በቆሎ ጣዕሙ ሌላ ነው። ብቻ የፍልሰታ በቆሎሽን ቀድመሽ ክፈዪላት፤ ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ይበዛባታል።

ቡሄም ነሐሴ 13 ነው። ሙልሙሉን አንቺ ላይ እንደሚጥሉት አውቃለሁ፤ ጋግሪ እንጂ ምን ይደረጋል። ግን ሆያ ሆዬ እያሉ የሚመጡትን ልጆች ሙልሙል ሰጥተሽ ብቻ አትሸኛቸው። አጨፍሪያቸው። በየዓመቱ ከድሮው ግጥም መሃል የራሳቸውን ስንኝ ይሰካሉ፤ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ እግር ኳሱ፣ ስለ ሰፈራችን ውሻ ሳይቀር። በማግስቱ ይረሱታል። አንቺ ከዝናቡ ደብተር በስተኋላ ጻፊው። ከየት ሰፈር እንደመጡም ጠይቂያቸው፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት ዜማውን ትንሽ ያጣምሙታል።

ይሄን ሁሉ ስዘረዝር ክረምቱን ሞልቼ የሰጠሁሽ እንዳይመስልሽ። አንዱን ምረጪና ሌላውን እርሺው። ሁሉንም ካልሠራሁ ካልሽ እኔም ከአባዬና ከአክስታችን ጋር ተሰልፌያለሁ ማለት ነው።

ደግሞ አንዳንድ ቀን የትኛውም አይሠራም። ውጤቱ ሌሊት ይመጣብሻል፤ "ባይሞላልኝስ" እያልሽ ጣራ ስታዪ ታነጊያለሽ። ያን ጊዜ ዳንቴል ያድንሻል ብዬ አልዋሽሽም። ተኚ፣ ወይም ደውዪልኝ፤ ሌሊት ነው አትበዪ። ባይሞላም ምን እንደምናደርግ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ መነጋገሪያ ቀኑ ግን ዛሬ አይደለም። በማግስቱ 9 ሰዓት ሲሆን ወንበርሽ ላይ ተገኚ፣ ባትሠሪም ተቀመጪበት።

እማዬ "ምን እየሠራሽ ነው?" ብትልሽ "ምንም" በያት። "ምንም ብሎ ሥራ ምንድን ነው?" ካለች ወደ እኔ ትደውል፤ ከእሷ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ። ክሩ ሲያልቅብሽ ንገሪኝ፣ ስመጣ ከመርካቶ ይዤልሽ እመጣለሁ። ቀለሙን ግን አንቺ ምረጪ፤ ክሬም እንዳትዪኝ ብቻ፣ የእማዬ ሳጥን ሙሉ ክሬም ነው።